«ጋዙ አልቋል» ለሚላችሁ የፍሪጅ ጠጋኝ ከመክፈላችሁ በፊት

አዳማ ውስጥ ወተት፣ እርጎና ለስላሳ የምሸጥባት አነስተኛ ሱቅ አለችኝ። ለአንድ ፍሪጅ ጥገና ሁለት ጊዜ ከፍዬ፣ በሦስተኛው ደግሞ 14,000 ብር ልጨምር ስል ነው መታለሌ የገባኝ። የባለሙያውን ስም እዚህ አልጠቅስም፤ አሠራሩ ግን በሌላ ሰው እጅም ሊያጋጥማችሁ ስለሚችል በዝርዝር ልንገራችሁ።

አንድ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ፍሪጁ አልነሣ አለ። ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር፣ ማለትም ኮምፕሬሰሩ፣ ለጥቂት ሴኮንዶች ያጉረመርምና «ጠቅ» ብሎ ይጠፋል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ያንኑ ይደግማል። የጠራሁት ሰው መጥቶ ጀርባውን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና «እህቴ፣ ጋዙ አልቋል» አለኝ። ቱቦውን ቆርጦ የመሙያ ቫልቭ በየደበት፣ ጋዝ ሞላ፣ «አንዲት ትንሽ ዕቃም ቀይሬልሻለሁ» ብሎ 3,500 ብር ተቀበለኝ። ፍሪጁ ስለተነሣ እኔም አመስግኜ፣ ቡና ጋብዤ ሸኘሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ማቀዝቀዙን ሲያቆም ይኸው ሰው ተመልሶ ከዚያው ሲሊንደር ሞላና 2,500 ብር ወሰደ። በሦስተኛው ጊዜ ኮምፕሬሰሩ እጅ የማያስነካ እስኪሆን እየጋለ በየመሐሉ ሲቆም «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል፣ አዲስ ያስፈልጋል» የሚል ፍርድ ሰጠ።

ያን ጊዜ ጎረቤቴ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለዓመታት ያስተማሩ አንድ አዛውንት አመጣችልኝ። ጋሼ ምንም ከመንካታቸው በፊት ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ የተለጠፈውን ጽሑፍ በባትሪ አነበቡ። የጋዙ ዓይነት አር 600ኤ፣ መጠኑ 52 ግራም ይላል፤ አጠገቡም የእሳት ምልክት ያለበት ቢጫ ሦስት ማዕዘን አለ። የመጀመሪያው ሰው የሞላው ግን አር 134ኤ የሚባል ሌላ ጋዝ ነበር። ሁለቱ በግፊታቸውም፣ አብሯቸው በሚሠራው ዘይትም የተለያዩ በመሆናቸው አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ ኮምፕሬሰሩ ከአቅሙ በላይ እየተጨነቀ ይግላል፤ «ሞቷል» የተባለውም በዚህ ምክንያት ራሱን ከመቃጠል ለመከላከል የሚያቋርጥ ኮምፕሬሰር ነበር። አር 600ኤ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። ያንን ቱቦ ጋዙን ሳያስወጡ፣ መስኮትና በር ሳይከፍቱ በእሳት መበየድ በሱቄ ውስጥ ምን ሊያደርስ ይችል እንደነበር ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን መጀመሪያውኑ የጋዝ ችግር አለመኖሩ ነው። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ቡታጋዝ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ኮምፕሬሰሩ ይጨምቀዋል፣ ከጀርባ ባለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለአየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ካፒላሪ የምትባለውን ቀጭን ቱቦ ሲያልፍ ግፊቱ ወርዶ ይተንና የፍሪጁን ውስጥ ሙቀት ይዞ ይመለሳል። ቀዳዳ ከሌለ በዓመታት አይቀንስም። ጋዝ ያነሰው ፍሪጅ ጠባዩም ሌላ ነው፦ ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ ይሠራል፣ በረዶውም የፍሪዘሩን አንድ ጥግ ብቻ ይይዛል። የእኔው ግን እያጉረመረመ «ጠቅ» የሚለው ማስነሻው፣ ማለትም ሪሌዩ ስለተበላሸ ነበር፤ ሰውዬው «ትንሽ ዕቃ» ብሎ ያለፋት እሷን ነው። ጋዙን ያፈሰሰውም እሱ ራሱ የበየደው ቫልቭ ሆኖ ተገኘ፤ ዙሪያው በዘይት ወዝቶ ነበር፣ ጋሼ የሳሙና አረፋ ሲቀቡትም ፊኛ እየሠራ ተንጣጣ። ማለትም ላልነበረ በሽታ ከፍዬ በሽታውን ገዛሁ።

ጋሼ የሠሩበትን ቅደም ተከተል የምጽፈው እናንተም ቆማችሁ እንድታዩ ነው። በሩን ከፍተው የነበረውን ጋዝ አስወጡ፣ ቫልቩን ቆርጠው ጣሉ፣ እርጥበትና ቆሻሻ የሚይዘውን ፊልተር ቀየሩ፤ ቱቦው በተከፈተ ቁጥር ፊልተር መቀየር አለበት። ከዚያ ናይትሮጅን አስገብተው ግፊቱ እንደማይወርድ አረጋገጡ፣ በቫኪዩም ፓምፕ ከግማሽ ሰዓት በላይ አየሩንና እርጥበቱን ሳቡ። ይህን የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ የቀረችው እርጥበት ካፒላሪው ጫፍ ላይ በረዶ ሠርታ መንገዱን ስትዘጋ ፍሪጁ አንድ ሰዓት ይቀዘቅዛል፣ አንድ ሰዓት ይሞቃል። በመጨረሻም ሲሊንደሩን በዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጠው 52 ግራም ሞሉ። ሚዛን ሳይዝ፣ ቱቦውን በእጁ እየዳሰሰ «በቃው» የሚል ሰው እንዲህ ያለውን ፍሪጅ በትክክል ሊሞላ አይችልም።

ኮምፕሬሰር ይቀየር ሲባል ደግሞ በፊታችሁ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) እንዲለካ ጠይቁ። ሽቦ በሚገባባቸው በሦስቱ የኮምፕሬሰሩ እግሮች መካከል ንባብ ካለ፣ በእግሮቹና በብረት አካሉ መካከል ግን ምንም ከሌለ በሞተሩ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅልል ደህና ነው፤ ሪሌዩ ሳይፈተሽ ኮምፕሬሰሩ አይወቀስም። «አዲስ» ተብሎ የሚመጣው ጥቁር ቀለም በላዩ ላይ የተቀባ አሮጌ መሆኑን ለማወቅ መለያ ጽሑፉን አንብቡ፣ የቱቦዎቹ አፍ ቀድሞ ተበይዶ እንደሆነም ተመልከቱ። መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ሪሌይ ቶሎ ስለሚጎዳ፣ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ያህል አቆይቶ የሚያስነሣ ስታቢላይዘር መግዛትም ከአንድ የጥገና ወጪ ብዙም አይበልጥም።

ጋሼ ለሁሉም 4,800 ብር ተቀብለው የጋዙን ዓይነት፣ የግራሙን መጠንና የሦስት ወር ዋስትና በደረሰኝ ላይ ጽፈው ሰጡኝ። ኮምፕሬሰሩ ያው የድሮው ነው፤ እርጎዬም እንደ ልቤ እየቀዘቀዘ ነው። የመጀመሪያው ሰውዬ ከትናንት ወዲያ «ኮምፕሬሰሩ መጥቶልሻል፣ ቀብድ ላኪ» የሚል መልእክት ልኮልኛል።