ያገለገለ ፋክስ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ሆዱን ገልብጣችሁ እዩ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ ያገለገለ የፋክስ ማሽን ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይህቺን አንብቡ። ከሱቁ መመለሴ ነው፣ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። የሱቁን ስም አልጠራም። የድሬ ሰው ግን ዓይነቱን ያውቀዋል። ባለቤቱ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል፣ ውስጥ ፕሪንተርና ኮፒ ማሽን እስከ ጣሪያ ተከምሯል፣ «ግቢ እህቴ፣ ከዱባይ የመጣ ነው፣ እንደ አዲስ በይው» ይባላል። እሱ ነው።

«በዚህ ዘመን ፋክስ ምን ይሠራል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የምሠራው ከዚራ ያለ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው። የጅቡቲ ወኪላችንና ከድሮ ጀምሮ አብረውን የሚሠሩ አንዳንድ ድርጅቶች ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ዛሬም በፋክስ ነው የሚቀበሉት። የቀድሞው ማሽናችን ሞተና ሥራ አስኪያጁ «ፈልጊና ግዢ» አለኝ።

ዋናው የፈለግኩት ስፒድ ዳያሉን ነበር። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ቁጥሩ ራሱ እንዲደወል። ወደ ጅቡቲ ለመላክ መጀመሪያ የቢሯችን ማዞሪያ የውጭ መስመር እንዲሰጥ 9 ይመታል፣ ከዚያ 00፣ ከዚያ 253፣ ከዚያ ገና 8 አሃዝ ይቀራል። ይሄን ሁሉ ቀኑን ሙሉ በእጅ ስትመቱ አንዷ አሃዝ ካመለጠች የደንበኛ ኢንቮይስ የማታውቁት ሰው ቢሮ ውስጥ ታትሞ ይወጣል። በእኛ ሥራ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ማሽኑ 9,500 ብር። ቁጥር መሙላት ለብቻው፣ ለአንዱ 50 ብር። 24 ቁጥር አስሞላሁ፣ 1,200 ብር ሌላ ሄደ ማለት ነው። ሠራተኛው ልጅ ፊቴ ቁጭ ብሎ ሞላልኝ። የፕሮግራም ቁልፉን ተጫነ፣ 01 ብሎ ቦታውን መረጠ፣ 9 መታ፣ ቀጥሎ ፖዝ የምትለዋን ቁልፍ ነካ። ይቺ ፖዝ ማዞሪያው መስመር እስኪለቅ ድረስ ማሽኑ ትንሽ እንዲታገስ ታደርገዋለች፣ እሷ ከተረሳች የቁጥሩ መጀመሪያ ይዋጥና ጥሪው አይገባም። ከዚያ ቁጥሩን ጨረሰ፣ ስሙን ጻፈ፣ አስቀመጠው። ሥራው ንጹሕ ነው፣ አልዋሽም። ይበልጥ የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። ያታለለኝ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ከመክፈሌ በፊት ጠይቄዋለሁ። «መብራት ሲጠፋስ ቁጥሮቹ ይቀመጣሉ?» አልኩት፣ ድሬ ላይ እየኖርኩ ይሄንን ሳልጠይቅ አልገዛም። ምንም ሳያመነታ ገመዱን ከሶኬት ነቀለ። ትንሽ ቆየ። መልሶ ሰካው። 01 ተጫነ፣ የወኪላችን ስም ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለ። «አየሽ? ሜሞሪ ነው እህቴ፣ አይጠፋም።» ከዚያ ማሽኑን ገልብጦ ሆዱ ላይ ትልቅ የጋራንቲ ስቲከር ለጠፈበት፣ 3 ወር ብሎ ጻፈበት፣ ፈረመበት። «ይቺ ከተነሳች ጋራንቲ የለም፣ እንዳትነኪያት» አለኝ። አልነካኋትም።

ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደ፣ አድሮ ነው የመጣው። ጠዋት ገብቼ 01 ስጫን ባዶ። 02 ባዶ። 24ቱም የሉም። እሺ፣ ደብተሬ ላይ ስላሉ በእጅ እየመታሁ ሥራ ጀመርኩ፣ ያ ቀን ደግሞ ለአንድ ጨረታ ፕሮፎርማ የምንልክበት የመጨረሻው ቀን ነበር። ላክሁት፣ ገባ። ከሰዓት ደውለው «ወረቀታችሁ አናቱ ላይ ያለው ቀን የዛሬ ስንት ዓመት ነው፣ አንቀበልም» አሉን። ለካ ከቁጥሮቹ ጋር የማሽኑ ሰዓትና ቀንም ተደምስሷል። ፋክስ ስትልኩ ተቀባዩ ጋ ከገጹ አናት ላይ የሚታተመው ቀን ከእናንተ ማሽን ሰዓት የሚወሰድ ነው። ጨረታው በዚህ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ምንም አልተናገረኝም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ማሽኑን በባጃጅ ጭኜ ሄድኩ። ባለቤቱ ከወንበሩ አልተነሳም፣ በአገጩ ወደ ውስጥ አመለከተኝ። ልጁ ገና ሲያየኝ «ስታብላይዘር አላችሁ?» አለ። መብራቱ እኮ አልበዛብንም፣ ጠፋብን ነው የምልህ! እሱ አይሰማም። ማሽኑን ባንኮኒው ላይ ገለበጠው። የአውራ ጣቱን ጥፍር በስቲከሩ ጠርዝ ሥር አስገባ። ሙጫው በሙቀቱ ላልቶ ስለነበር ስቲከሩ እንዳለ ተልጦ እጁ ላይ ቀረ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ስቲከሩ ተነስቷል፣ ጋራንቲ የለሽም» አለኝ። ዓይኔ እያየ ራሱ አንስቶት!

አፌን ልከፍት ስል ከሥሩ ያለውን አየሁ። ስቲከሩ በነበረበት ቦታ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፎበታል፦ «ባትሪ ሞቷል፤ መብራት ሲሄድ ቁጥር ያጠፋል»። ጽሕፈቱ የእሱ ነው። ደረሰኜ ላይ ያለው የእጅ ጽሕፈት ራሱ፣ «ጠ»ን እንደዚያ እግሯን አርዝሞ የሚጽፋት እሱ ነው። ማለት ማሽኑን ፈትሿል፣ ሕመሙን አውቋል፣ እንዳይረሳው ጽፎ ለጥፏል፣ ለእኔ ሲሸጥ ደግሞ ጋራንቲውን ልክ እዚያው ላይ አልብሶታል። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ቶሎ ብሎ በመዳፉ ሸፈነው፣ ላጠው፣ ጨምድዶ ከባንኮኒው ሥር ወረወረው። ስልኬን እስካወጣ አልጠበቀኝም።

ባለቤቱ ከውጭ ሆኖ ሳቀ። «አቦ ተይና! ያገለገለ ነው የገዛሽው፣ አዲስ ካማረሽ አዲስ አበባ ሂጂ።» ልጁም ቀጠለ፣ «ባትሪ ልቀይርልሽ፣ 800 ጨምሪ። ቁጥሩንም እንደገና እሞላልሻለሁ፣ በ50 በ50።» ኮፒ ሊያስደርጉ የቆሙ ልጆችም አብረው ሳቁ። ድሬ ላይ አንቺ መባባል ያሳደገን ነው፣ ማንም አይከፋበትም። የእነሱ ግን ከዚያ ዓይነት አልነበረም። ሌባዋ እኔ እስክመስል ድረስ ነው ማሽኔን ታቅፌ የወጣሁት።

ሳቢያን ሰፈር የሚሠራ የማውቀው ቴክኒሻን ጋ ወሰድኩት፣ ከፍቶ አሳየኝ። እንዲህ ዓይነት የድሮ ማሽን ቁጥሮቹንና ሰዓቱን መብራት በሌለ ጊዜ የሚያቆይለት ቦርዱ ላይ ያለች ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። እሷ ብትሞትም ካፓሲተር የሚባለው ኃይል የሚያጠራቅም ዕቃ ውስጥ የቀረው ኃይል ለትንሽ ጊዜ ይይዛቸዋል። ልጁ ነቅሎ ቶሎ የሰካው ለዚህ ነዋ! ከዚያ በላይ ቢያቆየው ኖሮ እዚያው ፊቴ ይጠፋ ነበር፣ ይሄን ደግሞ አሳምሮ ያውቃል። ቴክኒሻኑ ባትሪዋን የቀየረልኝ ከምሳ ባነሰ ዋጋ ነው። ከመሸጣቸው በፊት እነሱስ ይቺን መቀየር አቅቷቸው ነው? 24 ቁጥር መብራት በሄደ ቁጥር ሲሞላ 1,200 ብር፣ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ደረሰኙን ይዤ ነገ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። የምትገዙ ካላችሁ፣ አንድ ሁለት ቁጥር አስሞሉና ነቅላችሁ አሳድሩት፣ ካልሆነም ለብዙ ሰዓት ተዉት። መልሳችሁ ስትሰኩ የቁጥሮቹን ዝርዝር ራሱ ማሽኑ እንዲያትም አድርጉ፣ ቀኑንም እዩ። የቁጥር መሙያውን ብር ከዚያ በኋላ ክፈሉ። «አይሆንም» ካሏችሁ ውጡ። ጋራንቲውን ደረሰኙ ላይ ይጻፉላችሁ እንጂ ስቲከር አትቀበሉ። ዛሬ ስወጣ መደርደሪያው ላይ ሌሎች ፋክሶች ተደርድረው አይቻለሁ፣ አንዱ በጎኑ ተኝቶ ሆዱ ላይ ያው ስቲከር ነበረበት።