ሴንት ሉሺያ፦ በየትኛው ኤርፖርት መግባት፣ በምን መዘዋወር ይሻላል?

የካሪቢያን ደሴት አገር የሆነችው ሴንት ሉሺያ ከጫፍ እስከ ጫፍ 43 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም፣ መንገዷ ተራራውን እየዞረ ስለሚሄድ ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ቦታ ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የት እንደሚያድሩ ይወስኑ።

ኤርፖርቶቹ ሁለት ናቸው። ሄዋኖራ በደቡብ፣ ቪዩ ፎር አጠገብ ነው፤ ከማያሚ፣ ከኒው ዮርክና ከለንደን በቀጥታ የሚመጡት ትልልቅ አውሮፕላኖች የሚያርፉት እዚያ ነው። ጆርጅ ቻርልስ ዋና ከተማዋ ካስትሪስ ውስጥ ይገኛል። ማኮብኮቢያው 1,900 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ በዋናነት የሚያስተናግደው እንደ ባርቤዶስ ካሉ ጎረቤት ደሴቶች የሚመጡ አነስተኛ አውሮፕላኖችን ነው።

ማረፊያዎ ሱፍሪዬር፣ የፒቶን ተራሮች አጠገብ ከሆነ ያለጥርጥር ሄዋኖራ። ሰሜን፣ ሮድኒ ቤይ ከሆነ ግን ከሄዋኖራ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይነዳል፤ የታክሲውን ሂሳብ ትኬቱ ላይ ደምረው ያወዳድሩ። ጆርጅ ቻርልስ ለሮድኒ ቤይ በጣም ይቀርባል። የሚያዋጣው ግን ጉዞው ሁሉ በአንድ ትኬት ከተቆረጠ ነው። ሁለት ትኬት ለየብቻ ገዝተው የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ፣ ሁለተኛው አየር መንገድ ኃላፊነት የለበትም። በትንንሾቹ አውሮፕላኖች የሻንጣ ኪሎም ጠበቅ ይላል።

ከጎረቤት ደሴት ማርቲኒክ ካስትሪስ የሚገባ ፈጣን መርከብም አለ። በየቀኑ ስለማይሄድ፣ ባሕሩም ስለሚያናውጥ ለአጭር ዕረፍት አንመክረውም። ማርቲኒክ የፈረንሳይ ብትሆንም ከሼንገን፣ ማለትም ከአውሮፓ የጋራ ቪዛ ቀጠና፣ ውጭ ናት። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዙ ደግሞ አሜሪካ ላይ አውሮፕላን ለመቀየር ብቻ እንኳ ቪዛ እንደሚያስፈልጋቸው አይርሱ።

ደሴቲቱ ውስጥ ርካሹ ሚኒባስ ነው። አረንጓዴ ታርጋው በኤም ፊደል ይጀምራል፤ ከካስትሪስ መስመር 1ኤ በሮድኒ ቤይ በኩል ወደ ግሮ ዚሌ፣ 2ኤች ወደ ቪዩ ፎር፣ 3ዲ ወደ ሱፍሪዬር ይሄዳል። ሮድኒ ቤይ ላደረና ካስትሪስ ለሚመላለስ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ችግሩ ሱፍሪዬር ላይ ነው፦ ከሰዓት በኋላ ወደ ካስትሪስ የሚመለስ መኪና ይጠፋል፤ እሑድም እንዲሁ። ጠዋት ሄደው ማታ መመለስን በሚኒባስ አያቅዱ።

ታክሲ ቆጣሪ የለውም። ከመሳፈርዎ በፊት ዋጋውን ይስማሙ፤ በየትኛው ዶላር እንደሆነም ይጠይቁ። 1 የአሜሪካ ዶላር 2.70 የምሥራቅ ካሪቢያን ዶላር ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

መኪና መከራየት ለሱፍሪዬርና ለሰልፈር ስፕሪንግስ ፍል ውሃ ነፃነት ይሰጣል። የሚነዳው በግራ ነው፣ ጊዜያዊ የአገሩ ፈቃድም ያስፈልጋል፤ አከራዮቹ ያወጡልዎታል። አደጋው የመንገዱ ዳር ነው፦ ጥልቅ የሲሚንቶ ቦዮች ያለ መከለያ ስላሉ፣ መሪው በግራ የሆነ መኪና የለመደ ሰው ጎማውን እዚያ ይከታል። ማታ አይንዱ። ሮድኒ ቤይ ላረፈ ሰው የምንመክረው ሚኒባስ ለየዕለቱ፣ የኪራይ መኪና ለአንድ ወይም ሁለት ቀን ነው፤ ለሄዋኖራ በረራዎ ቀን ግን ታክሲ ከዋዜማው ይያዙ።