«ዛሬስ ምን አዲስ ነገር አለ?»፦ ደጋግሞ ከሚደውል ሰው የተጻፈ ግምገማ

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ እኔ ደጋጋሚ ደዋይ ነኝ። ስለ ምግብ ቤት የሚጽፍ ሰው አንዴ በልቶ ይጽፋል። እኔ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ የጭንቅ ጊዜ ስልኮች ላይ ስንቴ እንደደወልኩ ቆጥሬ አላውቅም። የሚቆጥሩ ግን አሉ፣ እመጣበታለሁ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሥራዬ የሌሊት ፈረቃ። እናቴ ስትሞት ወረቀቴ ስላላለቀ አገር ቤት መሄድ አልቻልኩም። ጓደኞቼ ተሰብስበው መጥተው አረዱኝ፣ ሦስት ቀን ቤቴ በሰው ሞላ፣ በአራተኛው ቀን ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። አልፈርድባቸውም፣ የቤት ኪራይ አለ። የኔ ለቅሶ ግን ገና አልወጣልኝም ነበር፣ እና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ማን ይቀሰቀሳል?

መጀመሪያ የደወልኩት 988 ላይ ነው፣ የአሜሪካ አገር አቀፍ የጭንቅ ጊዜ መሥመር። ይሄ ቁጥር ጁላይ 2022 ላይ ነው ሥራ የጀመረው። ከዚያ በፊት የነበረው ረጅም ቁጥር ነው፣ በዚያ ሰዓት ማን ያስታውሰዋል። ነፃ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ «አምሃሪክ» ካላችሁ አስተርጓሚ ያስገቡላችኋል (ቴክስት ግን በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው)። ራሴን ስለማጥፋት አስቤ እንደሆነ በቀጥታ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር በአፍ አይጠራም። በኋላ ግን ለሁሉም እንደሚጠይቁት ገባኝ፣ እንዲያውም አንድ ሰው ደፍሮ ሲጠይቀኝ ቀለል አለኝ።

በዚህ አንድ ቁጥር ስር ከ200 በላይ ማዕከላት አሉ፣ ስለዚህ ዛሬ ያነሳውን ሰው ነገ አታገኙትም። ሁሌ ከ«ሀ» መጀመር ይሰለቻል ትሉ ይሆናል፣ እኔን ግን ተስማማኝ። ለቅሶ ቤት አዲስ ሰው በገባ ቁጥር እንዴት እንደሞተች ከመጀመሪያው ይወራ የለ? «ትናንት አልቅሰሻል እኮ» የሚል ሰው ታውቃላችሁ?

አሁን ወደ ሁለተኛው። ስሙን አልጠራም፣ የአንድ አካባቢ መሥመር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ነበሩ፣ አስተርጓሚዋ «ሆድ ባሰኝ» ያልኩትን ሆዴን አሞኝ አድርጋ ተርጉማው ሴትየዋ ምን በልተሽ ነው ብላ የጠየቀችኝን ሳንቆጥር (እያለቀስኩ ሳቅኩ)። ከዚያ ድምፃቸው እየተቀየረ መጣ። ስሜን ስናገር ዝም ይላሉ፣ ኪቦርድ ሲነካካ ይሰማኛል፣ ቀጥሎ «በዚህ ሳምንት አራተኛሽ ነው፣ ዛሬስ ምን አዲስ ነገር አለ?» ምን አዲስ ነገር ይኖራል! እናቴ እንደ አዲስ አትሞት። በመጨረሻ አንድ ጀማሪ በጎ ፈቃደኛ አምልጦት «ፋይልሽ ላይ 10 ደቂቃ ብቻ ይላል» አለኝ። እና ያን ሁሉ ጊዜ ሰዓት ተቆርጦልኝ ኖሯል፣ የማላውቀው እኔ ብቻ።

ገደብ ለምን ተደረገብኝ እያልኩ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ ላይፍላይን በሚባለው መሥመር ላይ በተሠራ ጥናት፣ ከደዋዮቹ ከ100 ሦስት እንኳ የማይሞሉት ከጠቅላላው ጥሪ 60 በመቶ ያህሉን ይዘው ተገኝተዋል። እኔ ስለ እናቴ ሳወራ ሌላው ወረፋ ላይ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል፣ ይገባኛል። ግን ቁጭ አድርጋችሁ ንገሩኝ። ከጀርባዬ አትቁረጡልኝ። የባሰው ነገር፣ ሰው መሰልቸቱ ሲገባው አንድ ቀን በእውነት ሲብስበትም ይሉኝታ ይዞት ላይደውል ይችላል፣ እኔ ለሁለት ወር እንደዚያ ሆኜ ነበር።

ሦስተኛው ዋርምላይን ከሚባሉት ነው። እነዚህ ለድንገተኛ አደጋ ሳይሆን ለማውራት የተከፈቱ ናቸው፣ ብዙዎቹ ላይ ስልክ የሚያነሱትም ራሳቸው በጭንቀት ያለፉ ሰዎች ናቸው። እነሱም ገደብ አላቸው፣ ልዩነቱ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰውዬ በግልጽ ነገረኝ፦ በቀን አንዴ፣ 20 ደቂቃ። ያወራነውን በአጭሩ እንጽፋለን፣ ከፈለግሽ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። ከባሰብሽ ግን ስንት ጊዜ ደወልኩ ሳትዪ 988። አለቀ። አልከፋኝም፣ እንዲያውም ቀጠሮ እንዳለው ሰው ሰዓቴን ጠብቄ መደወል ጀመርኩ።

ጉድለት አለው። አማርኛ የለም፣ ሌሊት ይዘጋል፣ እንግሊዝኛዬ ደግሞ ሳለቅስ ይጠፋብኛል። አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ያኛው መሥመር አንድ፣ እሱም ለዚያ ጀማሪ ልጅ።

ባለፈው ለሰውየው ቡና ለብቻ እንደማይፈላ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ጀበናዬን እንዳልነካሁት ነግሬው ነበር። ማክሰኞ ስደውል ሌላ ሴት አነሳች። ማስታወሻውን አንብባ ነው መሰል፣ ከሰላምታ ቀጥሎ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቡናው ፈልቶ እንደሆነ ነው። ገና ነው አልኳት።