የመጀመሪያ ሾትገን ለሸክላ ዒላማ፦ ፓምፕ፣ አውቶማቲክ ወይስ ድርብ አፈሙዝ?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የምትኖሩ ከሆነ የሸክላ ዒላማ (ወደ አየር የምትወረወር ክብ ሸክላ) በሾትገን፣ ማለትም ጥቃቅን የርሳስ ፍሬዎችን በሚበትን ጠመንጃ፣ ለመተኮስ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። በቨርጂኒያ በኩል ሴንተርቪል ላይ ቡል ረን የተባለ የተኩስ ማዕከል አለ። በሜሪላንድ በኩል ደግሞ ግሌን ዴል ላይ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የትራፕና ስኪት (ሁለት የሸክላ ተኩስ ዓይነቶች ናቸው) ማዕከል አለ። ሁለቱም ለሕዝብ ክፍት ናቸው። የራሳችሁ ጠመንጃ ባይኖራችሁም በኪራይ መጀመር ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ተኩሳችሁ፣ ሸክላዋ አየር ላይ ስትበተን ካያችሁ በኋላ ነው። ያኔ የራስን መግዛት ያምራል። ሱቁ ውስጥ ስትገቡ ግን ግድግዳው ሙሉ ጠመንጃ ነው፤ ሻጩም የራሱ ምርጫ አለው።

የእኔን ምርጫ ከፊት ላስቀምጠው። ለአብዛኛው ጀማሪ የሚበጀው በጋዝ የሚሠራ ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ከፊል አውቶማቲክ፣ ማለትም ቀጣዩን ጥይት ራሱ የሚያቀርብ ጠመንጃ ነው። በጀታችሁ ትንሽ ሰፋ ካለና በዚህ ስፖርት እንደምትቆዩ እርግጠኛ ከሆናችሁ ደግሞ በደንብ የተያዘ ያገለገለ ድርብ አፈሙዝ ግዙ። ፓምፑን ለሌላ ሥራ ተዉት።

ከፓምፑ ልጀምር፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው። ምክንያቱ ዋጋው ነው። ሞስበርግ 500 አዲሱ ከ400 እስከ 500 ዶላር አካባቢ ይገኛል። የዚያው ኩባንያ ማቬሪክ 88 ከዚያም ይረክሳል። ሬሚንግተን 870 ያገለገለ በየሱቁ ሞልቷል። ሦስቱም ጠንካራ ናቸው፤ በቀላሉ አይበላሹም። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጃችሁ ወደኋላና ወደፊት ስባችሁ ማቀባበል አለባችሁ። በትራፕ አንድ ሸክላ ብቻ ስለሚወረወር ይህ ብዙም አያስቸግርም። በስኪት ግን ከ8ቱ የመተኮሻ ጣቢያዎች በ4ቱ ላይ ሁለት ሸክላ በአንድ ጊዜ ከግራና ከቀኝ ይነሳሉ። የመጀመሪያዋን መትታችሁ፣ አቀባብላችሁ፣ ሁለተኛዋን መከተል ግድ ነው። ጀማሪ ዓይኑ ሸክላዋ ላይ መቆየት ሲገባው እጁን ማሰብ ይጀምራል። የተለማመደ ሰው በፓምፕ ድንቅ ይተኩሳል። መማሪያ ማድረግ ግን ያለ ምክንያት ራስን ማስቸገር ነው።

ሌላው የፓምፕ ችግር ትከሻ ላይ ነው። ብዙዎቹ ክብደታቸው ቀላል ነው፤ ሲተኮስ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ምት የሚቀንስ ምንም ነገር የላቸውም። አንድ ዙር 25 ተኩስ ነው። ሁለት ሦስት ዙር የተኮሰ ጀማሪ ትከሻው ይበልዛል። ከዚያ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ ለማውጣት ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጠመንጃ ስትመርጡ ትልቁ ጥያቄ «ይመታል ወይ?» አይደለም። «ሳይጎዳኝ ብዙ ልተኩስበት እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው።

ከፊል አውቶማቲኩ የሚያሸንፈው እዚህ ጋ ነው። በጋዝ የሚሠራው ዓይነት ከተኩሱ ጋዝ የተወሰነውን ወስዶ ባዶውን ቀለህ ለመጣልና ቀጣዩን ጥይት ለማቅረብ ይጠቀምበታል። በዚህ ምክንያት ምቱ በአንድ ጊዜ ከመምጣት ይልቅ ተዘርግቶ ይመጣል። ትከሻችሁ ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል። እኔ የምጠቁመው ቤሬታ ኤ300 አልቲማን ነው። ዋጋው 1,000 ዶላር አካባቢ ነው። ከሰደፉ ጋር የሚገቡ ማስተካከያዎችም ይዞ ስለሚመጣ ለሰውነታችሁ ማስማማት ይቻላል። ከዚህ የሚረክሱ የቱርክ ሥራዎችም አሉ። ስቶገር ኤም3000 አንዱ ነው። እሱ ግን የሚሠራው በጋዝ ሳይሆን ጠመንጃው ወደኋላ በሚገፋበት ኃይል ነው። ንጽሕናው ቀላል ነው፤ ምቱ ግን ይበረታል። አዲስ እያለ በጣም ቀላል (ርሳሱ ያነሰ) ጥይት ስትሰጡት ላይሠራም ይችላል። ለሸክላ ደግሞ የምንፈልገው ቀላል ጥይት ነው።

አውቶማቲክ እንከን የለውም አልልም። ጋዙ ውስጡን ያጠቁረዋል፤ ካልጸዳ መንተፋተፍ ይጀምራል። ባዶ ቀለሁን ወደ ቀኝ ስለሚወረውር ትራፕ ላይ ጎናችሁ የቆመው ሰው ላይ ሊያርፍ ይችላል። ለዚህ የምትገጠም ትንሽ መያዣ አለች፤ ግዟት። ግራኝ ከሆናችሁ ቀለሁ ፊታችሁ ፊት ለፊት ያልፋል፤ አንዳንዱን ሰው ይረብሸዋል።

ወደ ድርብ አፈሙዙ እንምጣ። ሁለት አፈሙዞች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው የሚቀመጡበት፣ ሱቆች ኦቨር አንደር የሚሉት ነው። በኦሎምፒክ ስኪት በ2008፣ በ2012፣ በቶኪዮና በፓሪስ ወርቅ የወሰደው አሜሪካዊው ቪንሰንት ሃንኮክ የሚተኩሰው በዚህ ዓይነት ነው። ለምን እንደሚወደድ ይገባኛል። ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ ሸክላዋን ስትከተሉ እጃችሁ አይንቀጠቀጥም። ሁለቱ አፈሙዞች የተለያየ መጥበቢያ (ጫፉን አጥብቦ የርሳሱን ስርጭት የሚወስን ቁራጭ) ሊኖራቸው ይችላል፤ አንዱ ለቅርብ፣ አንዱ ለሩቅ። ከሁሉ በላይ ግን ደኅንነቱ ይማርከኛል። ሲከፈት ባዶ መሆኑን ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ከሩቅ ያያል። ለጀማሪና ጀማሪ አጠገብ ለሚቆም ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ዋጋው ላይ ግን ይከብዳል። ብራውኒንግ ሲቶሪና ቤሬታ 686 ሲልቨር ፒጅን አዲስ ሲሆኑ 2,500 ዶላርና ከዚያ በላይ ናቸው። ሲቶሪ ከ1973 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ በሚሮኩ ፋብሪካ የሚሠራ ነው። በአስር ሺህ የሚቆጠር ተኩስ ይችላል። ያገለገለው 1,500 ዶላር አካባቢ ሲገኝ አዲስ ከሆነ ርካሽ ድርብ አፈሙዝ አስበልጬ እመርጠዋለሁ። በ600 እና በ700 ዶላር የሚሸጡት አዳዲሶቹ፣ ለምሳሌ ትራይስታርና ስቶገር ኮንዶር፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚተኩስ ይበቃሉ። በየሳምንቱ አራት ዙር ለሚተኩስ ግን አይመከሩም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፦ 12 ጌጅ ወይስ 20? ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል፤ ስለዚህ 12 ከ20 ይበልጣል። «ለሚስትህ 20ውን ግዛላት፣ ይለሰልሳታል» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። የተለመደው የ20 ጌጅ ጥይት 7/8 አውንስ፣ ማለትም 25 ግራም ገደማ ርሳስ ይዟል። ልክ ይህን መጠን የያዘ ጥይት ለ12 ጌጅም ይሸጣል። የ20 ጌጅ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ 3 ኪሎ ግራም አይሞላም፤ ባለ 12ው 3.3 እስከ 3.6 ይመዝናል። ተመሳሳይ ጥይት በከባዱ ጠመንጃ ሲተኮስ ምቱ ይቀንሳል። ባለ 12 ጌጁን ገዝታችሁ ቀላል ጥይት አጉርሱት። ጥይቱም በየቦታው ይገኛል፤ ዋጋውም ይሻላል። 20ውን የምመክረው ጠመንጃ ቀጥ አድርጎ መያዝ ለሚከብደው ሰው ብቻ ነው።

ሁለቱም ቤት ውስጥ ካሉ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ቢጫው የ20 ጌጅ ጥይት በ12 ጌጅ አፈሙዝ ውስጥ ሾልኮ ገብቶ መሃል ላይ ይቀረቀራል። ከኋላው ባለ 12 ጥይት ገብቶ ከተተኮሰ አፈሙዙ ይፈነዳል። እጅ ያጡ ሰዎች አሉ። ሁለቱን ጥይት በአንድ ሰደሪያ ኪስ በፍጹም አትያዙ።

ስለ አፈሙዝ ርዝመት ብዙ አትጨነቁ፤ 28 ወይም 30 ኢንች ይበቃል። መጥበቢያው የሚፈታና የሚቀያየር ይሁን። ለስኪት ሰፊውን፣ ለትራፕ ጠበብ ያለውን ትገጥማላችሁ። ጥይት ከ7½ እስከ 9 ቁጥር ግዙ (ቁጥሩ ሲያንስ የርሳሱ ፍሬ ይተልቃል)፤ ብዙ ሜዳዎች ከ7½ የተለቀ ርሳስ አይፈቅዱም።

ከዓይነቱም ከስሙም የሚበልጠው የሰደፉ ልክ ነው። ሾትገን እንደ ሌላ ጠመንጃ በማነጣጠር አይተኮስም፤ ዓይናችሁ ራሱ የኋላው ማነጣጠሪያ ነው። ሱቅ ውስጥ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ትከሻችሁ ላይ አድርጉትና ጉንጫችሁን አሳርፉ። ከዚያ ዓይናችሁን ግለጡ። አንገታችሁን ሳታንቀሳቅሱ ጫፉ ላይ ያለችውን ነጥብ ቀጥታ ካያችሁ ጥሩ ነው። የጠመንጃውን ጀርባ ብቻ ካያችሁ ሰደፉ ዝቅ ብሏል። አፍንጫችሁና አውራ ጣታችሁ መካከል ሁለት ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። አጠር ያለ አንገትና ክንድ ላላት ሴት የወንድ ልክ ሰደፍ ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ለሴቶች ተብሎ የተሠራ ሲረን የሚባል ምርት አለ፤ ውድ ነው፣ ግን መሞከሩ አይጎዳም። የትኛው ዓይናችሁ እንደሚመራም አስቀድማችሁ እወቁ። በቀኝ እጃችሁ የምትተኩሱ ሆናችሁ ግራ ዓይናችሁ ከመራ ጥሩ ጠመንጃም ይስታል፤ አሠልጣኝ ይህን በአምስት ደቂቃ ይለየዋል።

ግዢው ላይ ስትደርሱ ፈቃድ ካለው ነጋዴ የፌዴራሉን ቅጽ ሞልታችሁ የኋላ ታሪክ ማጣሪያ ታልፋላችሁ። ለሾትገን ዝቅተኛው ዕድሜ 18 ነው፤ ክልሎች የራሳቸውን ይጨምራሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። «በስምህ አውጣልኝ፣ ገንዘቡን እሰጥሃለሁ» ለሚል ወዳጅ በይሉኝታ እሺ እንዳትሉ። ይህ ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው።

ያገለገለ ድርብ አፈሙዝ ከሆነ የምትገዙት፣ የፊቱን እንጨት አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ ነቅንቁት፤ መላወስ የለበትም። ሲዘጋ ከላይ ያለው መክፈቻ ከመሃል ወደ ቀኝ ትንሽ ያዘነበለ ቢሆን ገና ብዙ ዕድሜ አለው፤ ወደ ግራ ካለፈ አልቋል። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ውስጡን እዩ፤ ጥላ ካያችሁ ተጎድጉዷል። መጥበቢያዎቹ ተፈትተው ይውጡ። ዝገት ከያዛቸው ወይ ዋጋው ይቀንስ፣ ወይ ሌላ ፈልጉ። ሻጩ ይህን ሁሉ እንድታዩ ካልፈቀደ አመስግናችሁ ውጡ።