የጉጉቷን ጫጩት ለወላጆቿ ለመለሱልን ሐኪም ምስጋና

ባለፈው ወር በግቢያችን ዛፍ ሥር ያገኘናትን የጉጉት ጫጩት ለማየት ቤታችን ድረስ ለመጡት የእንስሳት ሐኪም ከነቤተሰቤ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የዱር ወፍ ያጋጠመው ሰው ሁሉ፣ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት እንደ እርሳቸው በዘርፉ የሠራ ባለሙያ እንዲያማክር አጥብቄ እመክራለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኘዋለሁ።

ጫጩቷን ያገኘቻት ልጄ ናት። ነጭ ለስላሳ ላባዋ ገና ያልረገፈ፣ ሰው ሲቀርባት ክንፏን ነፍታ ምንቃሯን እያንቀጫቀጨች የምታስፈራራ፣ ከጭብጥ ብዙም የማትበልጥ ፍጥረት ነበረች። እኛም በቅንነት ስሕተት ሠራን፤ በፎጣ ጠቅልለን ወደ ቤት አስገባናትና ውኃ በማንኪያ ልናጠጣት ስንታገል ቆየን። ሐኪሙ ይህን በስልክ ሲሰሙ መጀመሪያ ያሉን «ማንኪያውን አስቀምጡት» ነው። የወፍ የአየር ቧንቧ ከምላሷ ሥር ስለሚከፈት፣ በግድ የተጨመረ ውኃ ወደ ሳንባዋ ሊገባ እንደሚችል አስረድተው፣ እስኪደርሱ ድረስ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ፣ ጨለማና ጸጥታ ባለበት ቦታ እንድናቆያት ነገሩን።

ሲደርሱ ወፍራም የቆዳ ጓንት አጠለቁ። ልጄ ምንቃሯን የፈሩ መስሏት ነበርና፣ የአዳኝ ወፍ ዋናው መሣሪያ ጥፍሯ መሆኑን አሳዩዋት። ከዚያም ራሷን በጨርቅ ሸፍነው፣ እግሮቿን ይዘው፣ ክንፎቿን አንድ በአንድ እየዘረጉ አጥንቶቿን ዳሰሱ፤ ደረቷንም ነካ ነካ አድርገው ሥጋ እንዳላት አረጋገጡ። የጉጉት ጫጩት በደንብ መብረር ሳትችል ከጎጆዋ ወጥታ በቅርንጫፎች ላይ መንጠላጠል እንደምትጀምር፣ ወላጆቿም እዚያው እየመጡ እንደሚመግቧት የነገሩን ያን ጊዜ ነው። የሰው እጅ የነካትን ጫጩት እናቷ ትተዋታለች የሚለው ወሬም እውነት አይደለም አሉ፤ እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ለልጆቼ ስነግር የኖርኩት ይህንኑ ነበር። ድመት በቀላሉ የማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ ካስቀመጧት በኋላ መብራት አጥፍተን በመስኮት እንድንጠብቅ አዘዙን። ከምሽቱ 1 ሰዓት እንዳለፈ አንዲት ትልቅ ጉጉት የክንፏ ድምፅ ሳይሰማ መጥታ አጠገቧ አረፈች፤ በጥፍሯም አይጥ ይዛ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የማመሰግናቸው ግን ባልጠየቅናቸው ነገር ነው። ዛፉ ሥር ያገኙትን ጥቅል ነገር በእንጨት ሰንጥቀው ሲያሳዩን፣ በጸጉር የተለበጠ የአይጥ ራስ ቅል ከነጥርሱ ብቅ አለ፤ ጉጉት መፍጨት ያልቻለችውን አጥንትና ጸጉር እንዲህ ጠቅልላ ትተፋዋለች። ወዲያው አይጥ የምናጠፋው በምን እንደሆነ ጠየቁን። በዕቃ ቤታችን መርዝ አስቀምጠን ነበር። ያ ዓይነቱ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ በመሆኑ አይጧ ወዲያው እንደማትሞት፣ ለቀናት እየደከመች ስትንቀሳቀስ ለጉጉት ቀላል ታዳኝ እንደምትሆን፣ የበላቻት ጉጉትም ደሟ ፈስሶ ልትሞት እንደምትችል ሲያስረዱን ባለቤቴ ቀና ብሎ ሊያያቸው አፈረ። መርዙን በዚያው ምሽት አነሳን፤ በምክራቸውም የአይጦቹን መግቢያ ቀዳዳዎች ደፈንን፣ እህሉንም ክዳን ባለው ዕቃ አደረግነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ሐኪሙን በስልክ ማግኘት ያስቸግራል፤ እኛም ያገኘናቸው በሦስተኛው ሙከራ ነው፣ ከተባለውም ሰዓት ዘግይተው ደርሰዋል። የወፏን ፎቶ ከአጭር መልእክት ጋር ብትልኩላቸው ቶሎ እንደሚመልሱ ራሳቸው ነግረውናል። ጫጩቷ አሁን ከቅርንጫፍ ወደ ጣሪያችን ትበራለች፤ ልጄም ፎቶዋን በየሳምንቱ ትልክላቸዋለች።