ሐዋሳ ላይ ቤት ለምትሠሩ ሁሉ፦ የጣሪያችንን ወራጅ አንድ በአንድ ለሣለችልን ልጅ ምስጋና

ይህችን ልጅ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ኅሊናዬ አይተኛም። ሐዋሳ ላይ ቤት ጀምራችሁ ግድግዳ ያቆማችሁ፣ በተለይ ጣሪያው እጥፋት ያለበት ቤት የያዛችሁ ሰዎች ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

የእኛ ቤት ከፊት ለፊቱ ወጣ ያለ ሰፊ በረንዳ አለው። በረንዳው የባለቤቴ ነው ማለት ይቻላል። ዕድሜዋን ሙሉ በኪራይ ቤት ጠባብ ደጃፍ ቡና ስታፈላ ኖራ፣ "ጎረቤት ሁሉ የሚቀመጥበት በረንዳ ከሌለው ቤቱም ይቅርብኝ" ብላለች። እኔም ደስ ብሎኝ ተስማማሁ። እንግዲህ የዋናው ቤት ጣሪያና የበረንዳው ጣሪያ የሚገናኙበት ቦታ ነው ሁላችንንም ያንከራተተን።

መጀመሪያ የሄድንበት ቢሮ ፎቶግራፍ የመሰለ ሥዕል ሰጠን። ደጃፉ ላይ መኪና ቆሟል፣ ዘንባባ ተተክሏል። እኛ መኪናም ዘንባባም የለንም። አናጺያችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና "ወራጁ የት አለ?" አሉ። ወራጅ፣ ማለትም ክዳኑን የሚሸከመው ተዳፋት እንጨት፣ የለም። ቆርቆሮው አየር ላይ ተንሳፍፏል። ተመልሰን ስንጠይቅ "እሱማ የአናጺ ሥራ ነው" ተባልን። የተቀበሉን ገንዘብ ግን የአናጺ ገንዘብ አልነበረም።

ሁለተኛው ሰው ወራጅ ሣለ፤ ሁሉንም በአንድ ልክ። በእሱ ወረቀት እንጨት ተገዛ፣ ተቆረጠ፣ ወደ ላይ ሲወጣ የማዕዘኖቹ አጠሩ። የእንጨት ዋጋ የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግራችሁም። ስንደውልለት ስልኩ አይነሳም፤ የተነሳ ዕለትም "ሳይት ላይ ነኝ" አለን። የማን ሳይት እንደሆነ እንጃ፣ የእኛ አልነበረም። ስም አልጠራም፣ ሰው ማሳፈር አልፈልግም። ባለቤቴ ብትጽፈው ኖሮ ግን ትጠራ ነበር።

ክረምቱ ደረሰ። ክዳን የሌለው ግድግዳ በሸራ ሸፍኖ ሰማይ ሰማይ ማየት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ሌሊት ነጎድጓድ በሰማሁ ቁጥር ተነሥቼ እቀመጥ ነበር።

ልጅቷን የጠቆመችን የእኅቴ ልጅ ናት። እዚሁ ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የቤት ንድፍ ትሠራለች። እውነቱን ለመናገር ዕድሜዋን ሳይ ልቤ ከፈል ብሎ ነበር። እሷ ግን ያመጣነውን ወረቀት አጣጥፋ አስቀመጠችው፤ በማግሥቱ ሜትር ይዛ መጥታ የቆመውን ግድግዳ ራሱን ለካች። ከወረቀቱ ጋር የማይገጥም ብዙ ነገር አገኘች።

ሠርታ ስትጨርስ አናጺያችንን ይዘን እንድንመጣ ነገረችን። ሰውየው ከሥራ በቀጥታ ስለመጡ ጫማቸው ጭቃ ነበር፤ ደጅ ቆመው ቀሩ። ልጅቷ ብድግ ብላ ወጣች። "አባባ፣ ይግቡ እንጂ! ጣሪያውን የሚሠሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለችና እጃቸውን ይዛ አስገብታ የራሷ ወንበር ላይ፣ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠቻቸው። ሥራው እስኪያልቅ እሷ ቆማ ነው ያሳየችን። ያንን ባየሁ ጊዜ ስለ ጣሪያው መጨነቄን ተውኩ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ክዳኑን አነሣችው። አንዴ ነካ ስታደርግ ቆርቆሮው ጠፋ፣ ወራጆቹ እንደ ዓሣ አጥንት ተደርድረው ወጡ። ቤቱን ወደፈለገችበት ታዞረዋለች፣ ከሥር ታሳያለች፣ ከላይ ታሳያለች። አናጺያችን ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና ጣታቸውን ዘርግተው "ይኸኛው ምን ላይ ያርፋል?" አሉ፤ ልክ ሁለቱ ጣሪያዎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ። ጎንበስ ብላ አየች። "እውነትዎን ነው አባባ" አለችና እዚያው አስተካከለችው። ገበያ ላይ የሚገኘው እንጨት ስንት ሜትር እንደሆነም እሳቸውን ጠይቃ መገጣጠሚያዎቹን በዚያ ልክ አደረገች። የተማረ ሰው አናጺን ሲጠይቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የቀድሞው እንጨት ለምን እንዳጠረም ያስረዳችን እሷ ናት። ከላይ ሲታይ 3 ሜትር የሆነ ወራጅ፣ ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ከሆነ እንጨቱ 3.46 ሜትር ይደርሳል፤ ያውም ከግድግዳ ውጭ የሚወጣው ሳይጨመር። የማዕዘኑ ደግሞ ሰያፍ ስለሚሄድ ከሁሉም ይረዝማል። ከዚህ በላይ ያለውን አትጠይቁኝ፤ እኔ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ነኝ። የምትሠራበት ሶፍትዌር አርኪካድ ይባላል፣ ሃንጋሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ያወጡት ነው አለችኝ። ወራጅ በራሱ የሚደረድር መሣሪያ አለው፤ እሷ ግን የደረደረውን አንድ በአንድ ሳታይ አላለፈችም።

መጨረሻ ላይ የሰጠችን ወረቀት ላይ እያንዳንዱ ወራጅ ቁጥርና ርዝመት ነበረው። አናጺያችን ቁጥሩን በእርሳስ እንጨቱ ላይ ጻፉ፣ መሬት ላይ ቆረጡ፣ ላይ ወጥተው ገጠሙ። ገጠመ! በወጣትነቴ በሲዳማ ደጋ ሳስተምር፣ ሽማግሌዎች አንድ ወረቀት ሳይገልጡ የቀርከሃ ቤት ሲሠሩ ቆሜ እያየሁ እደነቅ ነበር። ያ መደነቅ ከስንት ዘመን በኋላ ተመለሰብኝ። ሁለቱ ጣሪያዎች በሚገናኙበት መስመር ሥር ሰፊ ላሜራ እንዲገባ ያዘዘችውም እሷ ናት፤ ውኃው ሁሉ እዚያ ስለሚሰበሰብ። ክዳኑ ካለቀ ወዲህ ስንት ዝናብ ወረደ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ባለቤቴ በረንዳዋ ላይ ቡና ማፍላት ከጀመረች ቆየች፤ ልጅቷንም ጠርታ መርቃታለች።

ለማስተካከያው ተጨማሪ ገንዘብ አልጠየቀችም፤ እኛ ልንሰጣት ብንልም እምቢ አለች። እባካችሁ፣ እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት እሷ ጋ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት! አናጺያችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳላወጣ ስለለመነችኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ሳትደውሉ ግን አትሂዱ፤ መብራት በጠፋ ቀን ክፍሏን ዘግታ በሰው ሳይት ላይ ስትለካ ነው የምትውለው።