የአሮጌዋን ፒክአፔን መሪ ላስተካከሉልኝ መካኒክ

እኚህን ሰው ሳላመሰግን ባልፍ ውለታ በላ እሆናለሁ። ትንሽ ረዘም ቢልም አንብቡልኝ፣ በተለይ አሮጌ ፒክአፕ የምትነዱ።

መኪናዬ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ሞተሯ ግን ገና ነው። ያስቸገረኝ መሪዋ ነበር። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እንኳ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ትዋልላለች። መሪውን አራት ጣት ያህል እስካዞረው ድረስ ጎማው አይታዘዝም፣ ከዚያ ድንገት ይይዝና ከፈለግኩት በላይ ትሄዳለች፣ እመልሳታለሁ፣ አሁንም ታልፋለች። ከፊት ከባድ መኪና ሲመጣ እጄን ያልበኝ ነበር። ልጆቼን አሳፍሬ መንዳት ካቆምኩ ወራት አልፈዋል።

ከዚህ በፊት ሁለት ቦታ ወስጃታለሁ። አንዱ ጋ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ለክቶ ማስተካከል) ተሠራላት፤ ምንም ለውጥ የለም። ሌላው ጋ ደግሞ የመሪውን ዙር በጥርሶቹ ተቀብሎ ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው የመሪ ሳጥን ላይ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን አጥብቀው "ካልሆነ ሳጥኑ ይቀየራል" ብለው ሸኙኝ። ከዚያ በኋላ ባሰባት። ኩርባ ከዞርኩ በኋላ መሪው በራሱ መመለስ ተወ፤ እየጎተትኩ ነበር የምመልሰው።

እኚህ መካኒክ ግን ገና ቁልፍ ሳያነሱ ጠየቁኝ። መቼ ጀመራት? ስትጫን ይብስባታል? ፍሬን ስትይዝ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች? ከዚያ ራሳቸው ነድተዋት ተመለሱ። የጎማ ንፋስ ለኩ። የፊቶቹ እኩል አልነበሩም፣ አስተካከሉ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነው ዓይኔን የገለጠልኝ። ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው ሥር ታኮ ተደርጎ፣ ሞተር አስነሱና ረዳታቸው መሪውን በትንሹ ግራና ቀኝ እንዲያወዛውዝ አዘዙት። እሳቸው ከሥር ገቡ። በክሪክ ለምን አያነሷትም ብዬ ነበር። ለካ ጎማው በአየር ላይ ሲሆን በቀላሉ ስለሚዞር፣ ክብደት ሲያርፍበት የሚታየው ልቅነት ሊደበቅ ይችላል። መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው እየያዙ ሄዱ። "ና ልጄ፣ አንተም ንካው" አሉኝ።

ታይሮዶቹ፣ ማለትም ጎማዎቹን ገፍተውና ስበው የሚያዞሩት ዘንጎች፣ ደህና ነበሩ። አይድለር አርሙ ጋ ስንደርስ ግን ልዩነቱ እኔም ገባኝ። ይህ ዕቃ ከመሪ ሳጥኑ ተቃራኒ ሆኖ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘውን ዘንግ በአንድ ጫፍ የሚሸከም ነው። ዘንጉ ወደ ጎን መሄድ ሲገባው መጀመሪያ ወደ ላይ ይዘል ነበር። መሪው በተወዛወዘ ቁጥር ጣቴ ሥር ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ስንት ወር ያስጨነቀኝ ነገር በእጄ ስይዘው ይቺው ናት።

እዚያ ላይ አልቆሙም። ከመሪው የሚወርደው ዘንግ ከሳጥኑ ጋር የሚገናኝበት ክብ ላስቲክ ተሰነጣጥቋል። ሳጥኑን ከሻንሲው ጋር ከሚያስሩት ብሎኖች አንዱ ላልቶ፣ መሪው ሲዞር ሳጥኑ ራሱ ፈቀቅ ይላል። በመጨረሻ በክሪክ አንስተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁት፣ ለኩሽኔታው ነው፤ እሱ ጤነኛ ነበር።

አይድለር አርሙና ላስቲኩ ተቀየሩ፣ ብሎኖቹ ታሰሩ፣ ሻንሲው እዚያ ጋ ተሰንጥቆ እንደሆነም አጽድተው አዩ። ያቺን ያለአግባብ የጠበቀች ማስተካከያ ብሎን ደግሞ መሪውን መሐል ላይ አድርገው ወደ ልኳ መለሷት። ከመጠን በላይ ስትጠብቅ የሳጥኑ ጥርሶች መሐል ላይ ይጨናነቃሉ፣ መሪው አልመለስ ይላል፣ ጥርሱም ቶሎ ይበላል። የሌላ ዕቃ ልቅነት በእሷ አይሸፈንም።

አላይመንቱን ወደ መጨረሻ ያደረጉት አውቀው ነው። የላላ ዕቃ እያለ የተለካ ልክ አንድ ጉድጓድ እስኪመታ ነው የሚቆየው። "ካስተሩንም ይለኩልህ" ብለው አስጠነቀቁኝ። የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ አናቱ ትንሽ ወደ ኋላ ማዘንበሉ ነው መኪናዋን ቀጥ አድርጎ የሚይዛት፣ መሪውንም የሚመልሰው። እኔ ካስተር የሚባል ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ከሁሉም በላይ እንዳከብራቸው ያደረገኝ ግን ይሄ ነው። ሳጥን ሊቀይሩልኝ ይችሉ ነበር፤ ተስፋ ቆርጬ ስለነበር እሺ እል ነበር። "ሳጥኑ ምንም አልሆነ፣ ገንዘብህን አታባክን" አሉኝ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በካርቶን አድርገው ሰጡኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ እንድመለስ ነግረውኝ ስሄድ ብሎኖቹን እንደገና ፈትሸው ሳንቲም ሳይቀበሉ መለሱኝ።

አሁን መሪውን አንድ ጣት ሳላዞረው ጎማው ይታዘዛል። ልጆቼም ከኋላ ተቀምጠው መዝፈን ጀምረዋል።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ግን መኪናችሁ መቼና እንዴት እንደምትዋልል በደንብ አስተውላችሁ ሂዱ፣ ይጠይቋችኋል።